የጋሽ ሂርጳ ልጅ ሉሜሪና

ጋሽ ሂርጳ በሰባ አንድ ዓመታቸው ጠፍታ የነበረች ሴት ልጅ ተገኘችላቸው ተብሎ በልደታ ማርያም ድምፅ ማጉያ ሲነገር፣ እኔ ከወንዶቹ በኩል እሳቸው አጠገብ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በእኛ ብሎክ «ከእኔ በላይ ማን ያውቃል» የማይል ሰው እንደሌለ ይገባኛል፤ ግን እነሱ የሚያወሩት የሰሙትን ነው። እኔ ያየሁትን አየሁ፣ የቀረውን ደግሞ ከራሳቸው ከባለ ታሪኩ አፍ ሰማሁ።

ለማያውቋቸው ልንገር። ጋሽ ሂርጳ ቶላ ዕድሜያቸውን የጅማ መስመር የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ቁጣቸው ከመኪናቸው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። አንድ ጊዜ ሁለት ተሳፋሪዎች «መስኮቱ ይከፈት»፣ «መስኮቱ ይዘጋ» እያሉ ቢጨቃጨቁባቸው፣ አውቶቡሱን ጊቤ በረሃ ላይ አቁመው ወረዱና ዛፍ ሥር ተቀመጡ። «ስትታረቁ ጥሩኝ» ነው ያሉት። በዚያ ሙቀት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ተባብሮ ሁለቱን አስታረቀ። ጋሽ ሂርጳ ሲያለቅሱ ያያቸው ሰው የለም። የገዛ ወንድማቸው ቀብር ላይ እንኳ ሰው ሁሉ ሲላቀስ እሳቸው በር ላይ ቆመው የለቀስተኛውን መኪና «ወደ ግራ ቁረጠው! ቁረጠው እንጂ!» እያሉ ያስቆሙ ነበር።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የባጫ ጎሚስታ ቤት ነው። ባጫ ጎማ ይነቅላል፣ ይለጥፋል፤ ጋሽ ሂርጳ ደግሞ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሹፌር ይሳደባሉ። ለዚህ ሥራ የቀጠራቸው ሰው የለም።

ባለቤታቸው እትዬ ኮከቤ ቁመታቸው ከጋሽ ሂርጳ ክርን አይበልጥም፤ ቤቱን የሚገዙት ግን እሳቸው ናቸው። ሦስት ወንዶች ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረው ጨርሰዋል። እትዬ ኮከቤ ባላቸውን «አንተ» ካሉ ሰላም ነው። «አንቱ» ካሉ ግን ነገር አለ፤ እኛ ከታች ፎቅ ያለነው እንኳ ድምፃችንን እንቀንሳለን።

ነገሩ የተጀመረው በግማሽ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ነው። የመጨረሻው ልጃቸው የፊራኦል ልጅ፣ ትንሿ ሴና፣ ከአዳማ መጥታ ሰነበተች። ሴና ካርቱን ትወዳለች። አንድ ቀን ከሰዓት «የአመድ ደን» የሚባል ወደ አማርኛ የተመለሰ ተከታታይ ተከፈተ፤ አያት በአንድ በኩል፣ የልጅ ልጅ በሌላው በኩል ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ካርቱን ተባለ እንጂ ጉዱ ሌላ ነው። ሉሜሪና የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቷ ጎረቤት ሄዳ እሳት እንድታመጣ ትልካታለች። ልጅቷ ደኑ ውስጥ ትገባና መንገዱ ይጠፋታል። እዚያ ጥላ በመርፌ የምትሰፋ ጠንቋይ አለች። የልጅቷን ጥላ ቀዳ ከቁራ ጥላ ጋር ትሰፋዋለች፤ ሉሜሪናም ቁራ ሆና ትቀራለች። ቁራዋ በርራ በርራ የቤቷን አጥር ታገኛለች፤ ግን ሰው የሚሰማት «ቋ» ስትል ብቻ ነው። እናትየው በየቀኑ ልጄን ያያችሁ እያለች ስትንከራተት ትውልና ማታ በዚያው አጥር ሥር አልፋ ትገባለች። ልጅቷ አጥሩ ላይ ናት። እናትየው ቀና ብላ አታይም።

ሴና ሁለተኛው ክፍል ላይ ጮኻ አልጋ ሥር ገባች። በብስኩት ነው የወጣችው። እትዬ ኮከቤ ከኩሽና በርረው መጡና ቴሌቪዥኑን ድርግም አድርገው «ይሄ ሰይጣን በዚህ ቤት ሁለተኛ አይከፈትም!» አሉ። ጋሽ ሂርጳም «ትክክል!» ብለው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። ሴና በማግስቱ ረሳችው። መርሳት ያቃታቸው አያቷ ናቸው።

ሴና አዳማ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ባጫ የጋሽ ሂርጳ ጠባይ ተለወጠበት። ስድብ ቀነሱ። ጎማው የተነቀለ መኪና በክሪክ ተሰቅሎ በቆመ ቁጥር «እስቲ መሪውን ልየው» ይሉና ገብተው በሩን ይዘጋሉ። መስተዋቱን ከፍ ያደርጋሉ። ስልካቸውን ያወጣሉ። ባጫ መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎት ነበር። ኋላ ግን ከውስጥ «ዙሪ! ዞር በይ! አጥሩ ላይ ናት እኮ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። አንድ ቀን በዚያ ወደ ኋላ እየነዳ ይወጣ የነበረ ሰውዬ ይህን ሰምቶ ፍሬን ረገጠና፣ ወርዶ የጎረቤቱን አጥር ከላይ እስከ ታች መረመረ። ማንም አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ክፉ ክፍል መጣ። ጠንቋይዋ የመጨረሻዋን ስፌት ልትሰፋ ክር አስገብታለች። ያቺ ስፌት ካለቀች ሉሜሪና እስከ ዘላለሟ ቁራ ናት። እናትየው ደግሞ ተስፋ ቆርጣ፣ ቤቷን ቆልፋ፣ ከመንደሩ ልትሰደድ ዕቃዋን ተሸከመች። እዚህ ላይ ክፍሉ አለቀ። ቀጣዩ ለሳምንት ነው ተባለ።

ጋሽ ሂርጳ ከመኪናው ወጡ። በእግራቸው ወደ ልደታ ማርያም ሄዱ። ከበሩ ላይ ቆመው ቆባቸውን አወለቁና «እመቤቴ፣ አንቺም ለሐናና ለኢያቄም በእርጅናቸው የተሰጠሽ ልጅ ነሽ። ይቺን ልጅ ለእናቷ መልሺልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ስእለቱን ተስለው ሲጨርሱ ነው ለማን እንደተሳሉ የገባቸው።

በሳምንቱ እናትየው የረሳችውን መቀስ ልትወስድ ተመለሰች። አጥሩ ላይ ያለችው ቁራ ልክ እንደ ልጇ አንገቷን ወደ አንድ በኩል ዘንበል አድርጋ አየቻት። እናትየው መቀሱን አንስታ ስፌቱን ተረተረችው። ሉሜሪና ሰው ሆነች። ጋሽ ሂርጳ የሰው ቪትዝ ውስጥ፣ ሦስት ጎማ በሌለው መኪና፣ እንባቸው ጢማቸውን እስኪያርሰው አለቀሱ።

ከዚያ ጭንቁ መጣ። ስእለቱ ደርሷል፤ መግባት አለበት። በአንድ በኩል «ፊልሙ እኮ እኔ ከመሳሌ በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ምን አገባኝ» ይላሉ። በሌላ በኩል «እመቤቴስ ይህን ጠፍቷት ነው የሰማችኝ?» ይላሉ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸውን መንገድ ላይ አስቁመው ጠየቁ።

«አባ፣ አንድ ሰው ስእለት የተሳለለት ነገር... ሰው ባይሆንስ?»

«እንስሳ ነው?»

ጋሽ ሂርጳ አሰቡ። «በከፊል።»

አባ ትክ ብለው አዩዋቸው። «ሰው ለላሙም ለበሬውም ይሳላል። ስእለት ስእለት ነው፤ ያስገቡ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መርካቶ ሄደው ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ገዙ። እቤት እንዳይታይ ባጫ ጋ ከጎማ ቁልል ኋላ ደበቁት። ግንቦት አንድ፣ የልደታ ዕለት፣ ይዘውት ሄዱና ማይክ ከያዘው ዲያቆን ዘንድ ተሰለፉ።

«ስምዎ?»

«ሂርጳ ቶላ።»

«ስለ ምን ያስገቡት ነው?»

«ጠፍታ የነበረች ልጅ ተገኝታ።»

«እሰይ! ስሟ ማን ይባላል?»

«ሉሜሪና።»

ዲያቆኑ ቀና አለ። «ልጅዎ ናት?»

ከኋላቸው ምንጣፍ የተሸከመ ሰው፣ ጧፍ የያዙ ሴቶች፣ እኔም ጭምር፣ ጆሯችንን ቀስረን ቆመናል። እውነተኛው መልስ «አይ፣ ሚስቴ ሰይጣን ነው ብላ የከለከለችኝ ካርቱን ላይ ያለች ቁራ ናት» የሚል ነበር። ጋሽ ሂርጳ «አዎ» አሉ።

ድምፅ ማጉያው «አቶ ሂርጳ ቶላ ጠፍታ የነበረች ልጃቸው ሉሜሪና ስለተገኘችላቸው ስእለታቸውን አስገብተዋል! እልል በሉ!» አለ። እትዬ ኮከቤ የማንንም ስእለት ቢሆን ቀድመው እልል የሚሉ ሰው ናቸው። የዚያን ዕለትም ስሙን በቅጡ ሳያዳምጡ የመጀመሪያዋ እልልታ የእሳቸው ሆነች። ሁለተኛዋ ጉሮሯቸው ላይ ቀረች።

ጋሽ ሂርጳ እቤት ሲደርሱ በሩን ከፍተው «ይግቡ» አሏቸው። «ግባ» አይደለም፣ «ይግቡ» ነው። ምሳ ሲቀርብ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን አለ።

«ይሄ ለማን ነው?» አሉ ጋሽ ሂርጳ።

«ለልጅዎ።»

ያኔ መናገር ይችሉ ነበር። ግን እውነቱን ቢናገሩ፣ የተከለከለውን በድብቅ ማየታቸው፣ በሰው መኪና ውስጥ ማልቀሳቸውና እመቤታችንን በካርቱን ማስቸገራቸው ሊወጣ ነው። ስለዚህ በሰባ አንድ ዓመት ከውጭ የወለደ ሰው መባል ይሻላል ብለው ዝም አሉ። ያስቡት እንግዲህ፤ ይህ ጭንቅላት ነው ያንን ሁሉ ሕዝብ ጅማ አድርሶ ይመልስ የነበረው!

ማታ እንደ ልደታ ወግ የብሎኩ ሰው ደጅ ወጥቶ ንፍሮና ዳቦ ይቋደሳል። የዚያን ዕለት ንፍሮውን የቀመሰው የለም። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ዙሃራ አንድ ሳጥን ለስላሳ አውጥታ «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሽ ሂርጳ፣ ልጅ በረከት ነው» አለች። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት አቶ በድሉ ተጠጉ።

«ከጅማ ናት አይደል?»

«አይደለችም» አሉ ጋሽ ሂርጳ፣ እውነት ነው።

«ስሟ የጣልያን ነው» አለ አንዱ። ወዲያው እናትየው ክልስ ሆነች። ትንሽ ቆይቶ ወሊሶ ሆቴል ከፈተች። ንፍሮው ሳይቀዘቅዝ ሆቴሉ ሁለተኛ ፎቅ ተጨመረበት።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አሉ አቶ በድሉ።

«ዘጠኝ።»

ሰው ሁሉ በልቡ ወደ ኋላ ይቆጥር ጀመር። ጋሽ ሂርጳ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ያኔ እንኳ ወገባቸውን እያሉ ያቃስቱ ነበር። ወንዶቹ በሌላ ዓይን ያዩዋቸው ጀመር። አቶ በድሉ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቁርስ ላይ ምን ይበላሉ?» ብለው ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እትዬ ኮከቤ ግን ተነሡና ሁላችን ፊት «እሁድ ልጅቷ እቤቴ ትምጣ። አቶ ነገሪም ይገኙ» አሉ። አቶ ነገሪ የእድራችን ዳኛ ናቸው። «ካልመጣች ሜክሲኮ ሰፈር እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ሄጄም አልመለስም።» ይህን ብለው ንፍሯቸውን ይዘው ገቡ። ጋሽ ሂርጳ ሚስታቸው የማይፈጽሙትን ነገር ተናግረው እንደማያውቁ ያውቃሉ።

ሳምንቱን ከላይ እቤታቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲባል፣ ዕቃ ሲጎተት ይሰማኝ ነበር። እትዬ ኮከቤ ሻንጣ የሚያሰናዱ መስሎኝ ነበር። ዓርብ ዕለት ጋሽ ሂርጳ የልጆቹ የነበረውን ክፍል ከፈቱት። ግድግዳው ታጥቧል። አልጋው ላይ አበባ ያለበት አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ማበጠሪያ፣ የፀጉር ላስቲክ፣ ትንሽ ነጠላ ጫማ ተሰልፏል። እትዬ ኮከቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ቢጫ ቀሚስ ዘርግተዋል።

«ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሆናል ብላኛለች ባለሱቋ» አሉ። «ቀጭን ናት ወፍራም?»

«ኮከቤ...»

«በልጅቷ አልተናደድኩም። በመደበቅህ ነው የተናደድኩት።» ወደ «አንተ» ተመልሰዋል። «ሦስቱንም ሳረግዝ ልደታን ሴት ስጪኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። ሦስቱም ወንድ። ባላገኝም ስእለቴን አላነሣሁም። ደግሞ ከማን ማኅፀን ትምጣ ብዬ አልነገርኳትም እኮ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ተነሥተው ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። ውስጡ ሰማያዊ ጃንጥላ ቆሟል። «ገዝቻለሁ። እሁድ ልጅቷን ላይና አስገባለሁ።»

ጋሽ ሂርጳ ያን ጊዜ ሰማይ ተደፋባቸው። እስከዚያ የፈሩት ለራሳቸው ክብር ነበር። አሁን እውነቱን ከተናገሩ የኮከቤን ልጅ ሊወስዱባቸው ነው።

በቀጥታ እኔ ጋ ወረዱና ሁሉንም ነገሩኝ። እኔ ከወንበሬ እስክወድቅ ሳቅሁ። እሳቸው እጃቸውን አጣምረው፣ የመስኮት ተጨቃጫቂዎቹን እንደጠበቁ፣ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«በቃ፣ ልጅቷ እንደገና ጠፋች ይበሉ» አልኳቸው።

ዓይናቸው ፈጠጠ። «እንደገና? ያን ሁሉ መከራ ካየች በኋላ እንደገና ትጥፋ?» ብለው ጮኹብኝ። «አንተ ልብ የለህም?»

እሁድ ሆነ። አቶ ነገሪ በሙሉ ልብስ፣ አቶ በድሉ ሳይጠሩ፣ እኔ ተለምኜ ተገኘን። እትዬ ኮከቤ ሀገር ልብስ ለብሰው፣ ቢጫውን ቀሚስ ታቅፈው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ድፎ ዳቦው ሳይቆረስ ይጠብቃል።

«እህ፣ ልጅቷስ?» አሉ አቶ ነገሪ።

ጋሽ ሂርጳ ተነሥተው ቆሙ። ያ ከጅማ እስከ አዲስ አበባ የሚሰማ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም። «ኮከቤ፣ ይቅር በይኝ። የወለድኳት ልጅ የለችም። ጠፍታ የነበረችው ይቺ ናት» አሉና ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። የመጨረሻው ክፍል ነው። ጨለማ ደን፣ ቤት፣ አጥር፣ አጥሩ ላይ ቁራ።

አቶ ነገሪ መነጽራቸውን አደረጉ። «ሂርጳ፣ ይቺ ቁራ ናት።»

«ቆይ፣ ትመለሳለች።»

እናትየው መቀሱን ልትወስድ መጣች፣ ቁራዋ አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ ስፌቱ ተተረተረ፣ ሉሜሪና እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። አቶ ነገሪ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር፤ ምን እንደነካው አላየሁም።

«ለዚህች ነው የተሳልከው?» አሉ እትዬ ኮከቤ።

«አዎ።»

«አልቅሰህ?»

ጋሽ ሂርጳ እኛን አዩን። «አዎ፣ አልቅሼ።»

«ለወንድምህ ያላለቀስከው ሰውዬ?»

ወይ ይስቃሉ ወይ ዳቦውን ይወረውሩባቸዋል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ቢጫው ቀሚስ ውስጥ ቀበሩ። «አንድ ሳምንት ሴት ልጅ ነበረችኝ» አሉ። «ፀጉሯን እንዴት እንደምሠራት ሁሉ አስቤ ነበር። ደስ የሚል ሳምንት ነበር፣ ሂርጳ።»

ጋሽ ሂርጳ አጠገባቸው ቁጭ አሉና እኚያ ግዙፍ ሰው እኛ ፊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። አሳዘኑኝ፤ መሳቄም ቆጨኝ። አቶ በድሉ ዳቦውን አይተው፣ ጊዜው እንዳልሆነ ገብቷቸው፣ እጃቸውን ሰበሰቡ።

እትዬ ኮከቤ አፍንጫቸውን ጠረጉና «ከመጀመሪያው ክፈተው» አሉ። «የት የት እንደተንከራተተች ልይ።»

ከሰዓቱን ሙሉ አየን። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። እናትየው ለሦስተኛ ጊዜ በአጥሩ ሥር ስታልፍ እትዬ ኮከቤ ከሶፋው ተነሥተው «አጥሩ ላይ ናት! አንቺ ዓይን የለሽም?» ብለው ቢጮኹ፣ ዙሃራ ሰው የተጣላ መስሏት ሱቋን ጥላ ወጣች። እሷም ተቀመጠች። ቀሚሱ ኋላ ለሴና ተላከ፤ ይሰፋታል፣ ትደርስበታለች ተባለ።

ሰኔ አንድ ቀን፣ የወሩ ልደታ፣ እትዬ ኮከቤ ሰማያዊውን ጃንጥላ ይዘው ተሰለፉ። የዚያው ዲያቆን ተራ ነበር።

«ስለ ምን ያስገቡት ነው እናቴ?»

«ሴት ልጅ ለምኜ ነበር።»

«እሰይ! ተሰጠዎት?»

«አልቃሻ ባል ተሰጠኝ» አሉ። «ይሁን፣ ተቀብያለሁ።»

ዲያቆኑ ትንሽ ግራ ገባው። ከዚያ ማይኩን አንሥቶ «ወይዘሮ ኮከቤ በተሰጣቸው ተደስተው ስእለታቸውን አስገብተዋል! እልል በሉ!» አለ። የመጀመሪያዋ እልልታ የተሰማችው ከወንዶቹ በኩል ነው። ወፍራም፣ የአውቶቡስ ጥሩንባ የሚመስል እልልታ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፤ እኔ እንዳልመስላቸው ከጋሽ ሂርጳ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አልኩ። ከሴቶቹ በኩል እትዬ ኮከቤ መለሱላቸው፤ በዚህ ጊዜ ሁለተኛዋም እልልታ ጉሮሯቸው ላይ አልቀረችም።